የኤላው ሰዎች ልብስ ሲሸጥ

ነገሌ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ስወጣ ከገዛሁት ምርቃቱ ይበዛ ነበር። ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች ጎንበስ ትልና፣ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ በሹክሹክታ፣ «አካም፣ ናጋ? እስቲ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ታገቢዋለሽ ወይስ አታገቢውም?» ትለኛለች።

«አይነገርም።»

«ይቺን ልጨምርልሽ።»

«ጨምሪ።»

ትጨምራለች። «እሺ፣ ታገቢዋለሽ?»

«አይነገርም አልኩሽ እኮ!»

ትሰድበኛለች፤ የጨመረችውን ግን መልሳ አትወስድም።

የምትጠይቀኝ ስለ እውነተኛ ትዳር አልነበረም። ያኔ እኔ ባል ቀርቶ ሥራም አልነበረኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ነጥቤ የትም ሳያደርሰኝ፣ እናቴ በየሳምንቱ «መምህራን ማሠልጠኛ ተመዝገቢ» ስትለኝ፣ እኔም በየሳምንቱ «እሺ» እያልኩ የምውል ሰው ነበርኩ። ቤት ውስጥ እሺ የምለው ነገሩን ላለማድረግ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ የተቀመጥኩበትን ወንበር እንኳ ሳወዛውዝ እሰብረዋለሁ። ዕረፍት የሚሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ የምንጫወተው ተከታታይ ድራማ። ስሙ «የኤላው ሰዎች» ነው።

ኤላ የኛ አገር ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሰዎች ከታች እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጡበታል። በድራማው አንድ ሀብታም ኤላውን በእሾህ አጥሮ «የኔ ነው» ይላል። የአንድ ድሃ ሽማግሌ ከብቶች በጥም ሊያልቁ ነው። ሀብታሙ «ልጅህን ስጠኝና ኤላውን ልክፈት» ይለዋል። ልጅቷ እኔ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ሰው ይህን ለዓመታት ሳይሰለች አየው። በኤንትሬ ጭነት መኪና ከነዕቃችን ተጭነን ፊልቱም ሀገረ ማርያምም ወስደነዋል። ፊልቱ ላይ የግመል ነጋዴዎቹ አማርኛውን የሚሰሙት ግማሽ በግማሽ ነበር፤ ባለ ካፖርቱ ብቅ ሲል ግን የሚራገመው ሁሉም እኩል ነው።

ባለ ካፖርቱ የምለው ሀብታሙን ነው። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ይለብሳል፣ በዚያ ሙቀት! የሚጫወተው ሰው በጤና ጣቢያችን ድሬሰር ነበር፤ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ከወጋም በኋላ የሚደግም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ገብታ ስታየው ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እሱ ልጄን አይነካም! መጀመሪያ ኤላውን ይክፈት!»

«እህቴ፣ ድራማ እኮ ነው» አላት።

«እሱን አላጣሁትም። ታዲያ ድራማ ከሆነ ብትከፍት ምን ትሆናለህ?»

ይቅርታ ጠይቆ መርፌውን አስቀመጠ። ልጇን ሌላ ሰው ወጋላት።

የኔ ድርሻ ደግሞ በዚያ ሁሉ ክፍል ማልቀስ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ መመለስና «እሺ አባባ» ማለት ነበር። የቻልኩት የመጨረሻውን ክፍል እያሰብኩ ነው። በመጨረሻው ክፍል የሙሽራ ቀሚስ ለብሼ ኤላው አፍ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ረጅም ንግግር ነው። ድራማውን የጻፈልን አስተማሪ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወር «ይቺን ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኳት፣ አደራ» ብሎኝ ሄዷል። ሁላችንም በቃላችን አጥንተን፣ ተለማምደን፣ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ድርጅቱ በተነን።

ድርጅቱ ማለት አዳራሹንም ቡድኑንም የሚያስተዳድረው የመዝናኛ ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ከዚያ አንድም ሰው መጥቶ ስንጫወት ያየን አይመስለኝም። ትእዛዙ ግን ደረሰን፦ ቡድኑ ይበተን፣ አዳራሹ መጋዘን ይሁን፣ አልባሳቱና ቁሳቁሱ በሐራጅ ይሸጥ። ለምን ብንል የሚመልስ የለም።

«በራሳችን ልብስ እንጫወተው» አልኩት ድሬሰሩን።

ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳልጨርሰው ገብቶኛል። አንድ ጊዜ ካፖርቱ ታጥቦ ሳይደርቅ ቀርቶ በሸሚዝ ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ «ይሄ ደግሞ ማነው? ባለ ካፖርቱ የታለ?» ብሎ ጮኸ። «እኔው ነኝ» ቢል ማን ሰምቶት። ግማሹ ተነሥቶ ሄደ። ለነገሌ ሰው ባለ ካፖርቱ ማለት ካፖርቱ ነው።

ስለዚህ መግዛት ነበረብን፤ ሁሉንም፣ ሳይበታተን። እኔ የጆሮ ጉትቻዬን ሸጥኩ፣ እሱ ለፋሲካ ያሳደገውን በግ ሸጠ። ዕቃው አንድ ሳጥን ውስጥ ከገባልን የመጨረሻውን ክፍል ሜዳ ላይም ቢሆን እናሳያለን። ከተበተነ ግን አለቀ፤ ንግግሬ ጉሮሮዬ ውስጥ ሸብቶ ይቀራል።

ሐራጁ በገበያ ቀን ዋለ። አዳራሹ ደጅ ላይ ድርጅቱ የላከው ሰውዬ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ከረባት ያሰረ፣ የነገሌ ቀይ አቧራ እስከ ቅንድቡ የወጣበት። መዶሻ ስላልያዘ የድራማውን የእንጨት ጠመንጃ ጨብጧል። ከተማው እንዳለ መጥቷል። የቲማቲሟ ሻጭ ቲማቲሟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ መጥታለች፣ ከጦር ሰፈሩ ወታደሮች መጥተዋል፣ ባለ ልኳንዳው ቢላውን ከወገቡ ሳያወጣ መጥቷል፣ የፊልቱ ነጋዴዎችም ግመሎቻቸውን አስረው መጥተዋል።

«አንድ ጥቁር ካፖርት!» ብሎ ሰውዬው ወደ ላይ አነሣው።

«ይውደም!» አለ ሕዝቡ፣ እንደ ልማዱ።

ሰውዬው ደነገጠ። «ጓዶች፣ ልብስ ነው እኮ» አለ። መነሻ ዋጋውን ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ሰው ሁሉ የገዛ እግሩን ያያል።

እኔ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። በኛ ገበያ ዋጋ በአደባባይ አይጮኽም፤ ጉረኛ ያስብላል። ደግሞ የዋጋው ይቅርና፣ በጎረቤቱ ፊት «ያንን የተረገመ ካፖርት እፈልጋለሁ» የሚል ማነው? ድሬሰሩ ብቻውን እጁን አወጣ።

«አንደኛ ጊዜ!» ጠመንጃው ጠረጴዛውን መታ። «ሁለተኛ ጊዜ!»

ካፖርቱ እንዲህ ካለፈ ሌላውም እንዲሁ ያልፋል። ሰው እርስ በርሱ ሲተፋፈር እኛ ሁሉንም ጠራርገን ልንሄድ ነው።

«ቆይ እስቲ፣ ጓድ» አሉ ሐጂ።

ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ በከብት ገበያው የታወቁ ደላላ። አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን እንደ ሦስት ኪስ ነው የሚጠቀሙባቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን ሲያስፈልጋቸው ያወጣሉ። ከድራማው አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ልንገዛ ማሰባችንንም ያውቃሉ። ወደኔ ዞረው ጠቀሱኝ፤ አለሁልሽ ማለታቸው ነው።

«ሕዝቡ ዝም ያለው ስላልፈለገ አይደለም» አሉት ሰውዬውን። «እዚህ አገር ሰው በአፉ አይገዛም፤ በጣቱ ነው።»

«በጣቱ እንዴት?»

ሐጂ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው በቀኝ እጃቸው ላይ ጣሉት። ይህን የማያውቅ በዚያ ደጅ ላይ እሱ ብቻ ነበር። ከብት የሚገዛ ሰው እጁን ከፎጣው ሥር ያስገባና የደላላውን ጣት ይጨብጣል፤ ስንቱን ጣት ስንት ጊዜ እንደጨበጠ፣ ዋጋው እሱ ነው። ከውጭ የሚታየው ሁለት ሰዎች ቆመው ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ ብቻ ነው። ማን ስንት እንዳለ ከደላላው በቀር አጠገቡ የቆመም አያውቅ።

«ሐራጅ ግልጽ መሆን አለበት!» አለ ሰውዬው።

«ግልጽማ ነው። ፎጣውን ሁሉም ያየዋል።»

«እኔስ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ እነግርዎታለሁ።»

«ቢዋሹኝስ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ወታደር፣ «ጓድ፣ እሷን እንኳ ባትናገራት ጥሩ ነበር» አለው። ሰውዬው ፀሐዩን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ሕዝቡን አየ። «ይሁን» አለ።

የዚያን ቀን የማላውቀውን ነገሌ አየሁ። ፎጣው ሥር እፍረት የሚባል የለም። ባለ ልኳንዳው፣ ያ ካፖርቱ ብቅ ባለ ቁጥር ከወንበሩ ተነሥቶ የሚሳደበው፣ እጁን አስገብቶ ላቡ እስኪንጠባጠብ ደመና ሲመለከት ቆየ። ድሬሰሩ ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ሲወጣ በጉ እንዳልበቃ ፊቱ ነገረኝ። የሐጂ ፊት ግን ግድግዳ ነው።

«ካፖርቱ ለባለ ልኳንዳው» አሉ።

«አንተ!» አለች የቲማቲሟ ሻጭ። «ስትረግመው ኖረህ?»

«ጠዋት ጠዋት ይበርደኛል» አለ፣ አቀርቅሮ።

የድራማው አባቴ ባርኔጣ ለአንድ የፊልቱ ግመል ነጋዴ ሄደ። እውነተኛ ጠመንጃ ያነገተ ወታደር የእንጨቱን ጠመንጃ ገዛ፤ ሰውዬው መዶሻውን ስለተነጠቀ ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛውን የሚመታው በመዳፉ ሆነ።

«እኛስ?» አለች የቲማቲሟ ሻጭ። «ሴት ጣት የላትም?»

እውነቷን ነው፤ ሐጂ የሴት እጅ አይጨብጡም። ጥቂት አሰቡና ባለቤታቸውን ጠሩ። እማማ ነው የምንላቸው። ድራማ እንደማይወዱ ከተማው ያውቃል፤ ባላቸው ቅዳሜ ሲወጡ «ሂድ እንግዲህ፣ ሰው የሰው ልብስ ለብሶ ሲዋሽ እይ» እያሉ ነበር የሚሸኟቸው። መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ሻርፓቸውን እጃቸው ላይ ዘረጉ። ሴቱ ተራ ያዘ። መጋረጃው ለቲማቲሟ ሻጭ ወጣላት፤ ለጥላ ነው አለች።

ከዚያ የሙሽራዋ ቀሚስ ወጣ። ቢጫ ነው፤ ደረቱ ዶቃ የተሠራበት፣ ጫፉ መሬት የሚጠርግ። ቢያንስ ይሄን፣ አልኩ በሆዴ። እጄን ከሻርፑ ሥር አስገብቼ የእማማን ጣቶች በሙሉ ጨበጥኩ። ሰማይ አዩ። ደግሜ ጨበጥኩ። አሁንም ሰማይ። ጉትቻዬ ያመጣውን በሙሉ ጨብጬ ጨረስኩ። እጄን ቀስ ብለው መለሱልኝና ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ አሉ። ያን ጊዜ ነው የሐጂ ፊት የተለወጠው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀሚሱ... ለቤቴ» አሉ።

«ለማን ቤት?» አልኩ።

«ለኔ ቤት። ለሷ።»

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎ አጫራች ነዎት ወይስ ገዢ?»

«እጄ ሁለት ነው» አሉኝ፣ ቀሚሱን እያጠፉ።

ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። መሬት ላይ የቀረው ኤላው ብቻ ነበር፤ ታችና ላዩ የተቆረጠ በርሜል፣ ድንጋይ እንዲመስል ግራጫ የተቀባ። ሐጂ ፎጣቸውን ዘረጉ። እማማ ሻርፓቸውን ዘረጉ። የሚገባ እጅ ጠፋ። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ ውሃ የማይይዝ በርሜል ማን ይፈልጋል?

«ኧረ አንድ ሰው!» አለ ሰውዬው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እኔ!» አልኩ፤ በአፌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ ከተማው እየሰማ። «ኤላው የኔ ነው!»

ከተማው ሳቀ። ሰውዬው ግን አፍ ያለው ገዢ በማግኘቱ ደስታው በዛና ሦስቱን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ «ተሸጠ!» አለ።

በርሜሉን በዋናው መንገድ እያንከባለልኩ ወደ ቤት ወሰድኩት። ድሬሰሩ ባዶ እጁን አጠገቤ ይሄዳል፤ ቀብር የምንሄድ ነበር የምንመስለው። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«ኤላ ነው።»

«ታች የለውም።»

«የለውም።»

«ላይም የለውም።»

«እማዬ፣ አይቼዋለሁ።»

«መምህራን ማሠልጠኛ ብትመዘገቢ ይሻልሽ ነበር» ብላ ገባች።

በማግሥቱ ሐጂ መጡ። አልተቀመጡም፤ በርሜሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ተቀይመሽኛል፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ልረዳሽ ብዬ ነበር።»

«ዝም ቢሉ ኖሮ ረድተውኝ ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ለካ የሰው አፍ ነው እንጂ የሚያፍረው፣ ጣት ዓይን የለው።» በርሜሉን መታ መታ አደረጉና፣ «ግን ልብሱ የት ይሄዳል? እዚሁ ነው። ባርኔጣው እንኳ ከፊልቱ በየገበያው ይመጣል። ሂጂና አውሱኝ በያቸው» አሉ።

መለመን አልወድም። ግን ተቀምጦ መብሰልሰል ከዚያ የባሰ አልወድም። ወጣሁ።

ባለ ልኳንዳው ካፖርቱን ለብሶ ሥጋ ይቆርጣል። «ለአንድ ከሰዓት ብቻ አውሰኝ» አልኩት።

«ካፖርቱን አላውስም። ከፈለግሽ ከነሰውዬው ውሰጂው።»

«ከነየትኛው ሰውዬ?»

«ከነኔ!» ቢላውን አስቀምጦ ደረቱን ነፋ። «ቃሉን አውቀዋለሁ። 'ኤላው የኔ ነው! ማንም አይጠጣም!' ድምፄስ አያምርም?»

ሥጋ ሊገዛ የቆመ ሽማግሌ ተቆጥቶ ወጣ። ያምራል ማለት ነው።

የቲማቲሟ ሻጭም እንዲሁ ሆነች፤ መጋረጃዬን ከኔ በቀር የሚገልጥ የለም አለች። የፊልቱ ነጋዴ ባርኔጣውን በጣቱ እየመታ፣ አባትነቱን በሶማልኛ ከሆነ እንደሚችል በሐጂ በኩል ነገረኝ። ይህን ሁሉ ለድሬሰሩ ስነግረው ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ ፊቱ በራ። «እኔ እንግዲህ ከሕዝቡ ጋር ነኝ?» አለ። «ባለ ካፖርቱን እኔም አንድ ቀን ልስደበው?»

እማማ ዘንድ ስደርስ ግን በሩ ጠበበብኝ። ቀሚሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ።

«አይወጣም» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ድራማ አይወዱም አልነበረም እንዴ?»

«አልወድም። ባሌ ነው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የሚተርክልኝ። ልጅቷ አንጀቴን በላችው።» ቀሚሱን አዩት። «ይሄን አልብሰው ነው ለዚያ ሰው የሚሰጧት። እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ሠርግ የለም።»

እኔ ሌባ ስላቸው ሰንብቻለሁ፤ እሳቸው ለካ ቀሚሱን የገዙት እኔን ከሠርግ ሊያስጥሉ ነው። ምን ይባላል? ያኔ ለቲማቲምም ለማንም ያልሸጥኩትን ነገር በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ የመጨረሻው ክፍል እንዴት እንደሚያልቅ።

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «ዱጋ? እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«እንዲህ ትዪዋለሽ? ፊት ለፊቱ?»

«ፊት ለፊቱ።»

«እንግዲያው እሰጥሻለሁ» አሉ። «አጠገብሽ ግን እኔ እቆማለሁ። ጫፉን እይዛለሁ፤ አቧራ እንዳይነካው። ካላልሽው ደግሞ እዚያው አስወልቅሻለሁ።»

ቦታው የከብት ገበያው ሆነ፤ ከብቱ ከተበተነ በኋላ። የቀበሌው ሰው «ስብሰባ ነው ወይ?» ብሎ ሐጂን ቢጠይቃቸው፣ «ከብት የሌለበት የከብት ገበያ ነው» አሉትና እሱም ሊያይ መጣ። ሰው በአጥሩ አጣና ላይ ተሰቅሎ ተቀመጠ። መጋረጃው በሁለት ግራሮች መካከል ተወጠረ። ኤላዬን አንከባልዬ አምጥቼ መሐል አቆምኩት፣ ቀሚሴን ለብሼ አፉ አጠገብ ቆምኩ፤ እማማ ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጎኔ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

የቲማቲሟ ሻጭ መጋረጃውን ገለጠች። ባለ ልኳንዳው ካፖርቱን እያወዛወዘ ገባ። «ይውደም!» ተባለ። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ድሬሰሩ ነበር፤ ቀድሞ አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ። ባለ ልኳንዳው ደረቱን ነፋና ቃሉን ተናገረ።

«ኤላው የኔ ነው! ማንም አይጠጣም!»

«ዋሾ!» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ላይ። «ኤላውን የገዛችው ልጅቷ ናት!»

«ዱጋ ነው! በዓይናችን አይተናል!»

«በአፏ ጠርታ ነው የገዛችው! ምስክር ነን!»

በከብት ገበያ ውስጥ፣ ማን ምን እንደገዛ በምስክር ከተነገረ በኋላ የሚከራከር ነጋዴ ስሙ ይጠፋል። ባለ ልኳንዳው ይህን ያውቃል። ደንበኞቹ ናቸው እየጮኹ ያሉት። ዙሪያውን አየ፣ በርሜሉን አየ፣ አንገቱ ካፖርቱ ውስጥ ገባ።

«እሱስ... እውነት ነው» አለ። «ግዢው የሷ ነው። ጠጡ። ሂዱ ጠጡ።»

አገሩ በጭብጨባ ተናወጠ። ባልዲ የያዙት ልጆች ዘፈኑን ጀመሩ። ድራማው ማለቁ ነው! ለዓመታት ያለቀስኩለት ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ፣ እኔም አንድ ቃል ሳልተነፍስ። እንባዬ መጣ፤ ይሄኛው የድራማ አልነበረም።

«ዝም በሉ!» አሉ እማማ።

እማማ ድምፅ እንዳላቸው ማንም አያውቅም ነበር። ዘፈኑ ቆመ። የቀሚሱን ጫፍ ሳይለቁ በአገጫቸው ወደ ባለ ልኳንዳው ጠቆሙ። «አንተ፣ እምቢ በል።»

«እንዴት እምቢ ልበል፣ እማማ? የሷ እኮ ነው፤ ሰው ሁሉ አይቷል።»

«እምቢ በል ብዬሃለሁ! ልጅቷ ንግግር አላት!»

«'ልጅቷን ስጡኝ' ነው የምትለው አሁን!» አለው ድሬሰሩ ከአጥሩ ላይ።

«ሚስቴ እዚህ ተቀምጣለች እኮ!»

«በልላቸው፣ ፈቅጃለሁ!» አለች ሚስቱ። ሰው በሳቅ ወደቀ።

ባለ ልኳንዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «እምቢ» አለ፣ ሕፃን በማያስፈራ ድምፅ። «ልጅቷን ስጡኝ። ይቅርታ።»

ተራው የኔ ነበር።

ንግግሬ «ኤላው የማንም አይደለም» ብሎ ነው የሚጀምረው። አፌን ስከፍት አልወጣ አለኝ። ውሸት ሆነብኝ፤ ጉትቻዬ እዚያ በርሜል ውስጥ ነው፣ ሰዉም ያውቀዋል።

«ኤላው የኔ ነው» አልኩ። «በፊታችሁ ገዛሁት። አጥር ባጥርበት ከልካይ የለኝም። ግን ለዓመታት ባዶ ባልዲ ተሸክሜ እሺ አባባ ስል አይታችሁኛል፤ ጥም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዛሬ ወዲያ እሺ አልልም። የኔ ስለሆነ ክፍት ነው። የመጣ ይጠጣ። አንተም ጠጣ፤ ካፖርትህን አውልቀህ፣ ከሰው ጋር ተሰልፈህ፣ ባልዲ ተቀብለህ። እኔ ግን የውሃ ዋጋ አይደለሁም። አላገባህም!»

ከዚያ ወደ አስተማሪው ቃል ተመለስኩና የቀረውን እንዳጠናሁት፣ አንዲት ሳላስቀር፣ እስከ መጨረሻው አልኩት። ረጅም ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባለ ልኳንዳው በንግግሬ መሐል ካፖርቱን አውልቆ ለድሬሰሩ ወደ አጥሩ ላይ አቀበለው። «ያዝልኝ፤ እንዳትለብሰው» አለውና ሰልፉ ውስጥ ገባ። ዘፈኑ ተነሣ። ባዶ ባልዲ፣ ታች ከሌለው በርሜል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲወጣ ሰዉ አጥሩ ላይ ሆኖ አብሮ ዘፈነ። የፊልቱ ነጋዴ ባርኔጣውን አውልቆ በሶማልኛ መረቀኝ። የቲማቲሟ ሻጭ «አላልኳችሁም!» እያለች መጋረጃውን ከነገመዱ ጣለችው።

እማማ እያለቀሱ ነበር። በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አልሽው» አሉ።

«አልኩት፣ እማማ።»

«በይ አሁን አውልቂልኝ፣ ላብሽ እንዳይነካው።»

ሁሉም ንብረት ንብረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ በርሜሉን እዚያው ተውኩት፤ ክፍት ነው ብዬ ተናግሬ ማንከባለል አፈርኩ።

በማግሥቱ ገበያ ወጣሁና ቲማቲም አስመዘንኩ። ሻጯ አዲሱ ጥላዋ ሥር ተዘባንና መዘነችልኝ። ቆሜ ጠበቅኩ።

«ምርቃቱስ?» አልኩ።

«ሂጂ ወዲያ» አለችኝ። «አሁንማ አውቄዋለሁ፤ ስለምን ብዬ ልመርቅልሽ?»